መድፍ ሰርቆ ጥብስ የሚጋብዝ ተቀናቃኝ አይታችኋል?

(ከዚህ በታች የምናቀርበው አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ለምህንድስና ተመራቂዎች በተዘጋጀ የእራት ምሽት ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውናል። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ስለ ስርቆት ተናግሮ ስሙን የሚያስጽፍ ሞኝ የለም» ብለውናል። — ዝግጅት ክፍሉ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ እናንተም ጋዋናችሁን ገና ያላወለቃችሁ ልጆቼ፣

የተጠራሁት ስለ ሀገር ግንባታ እንድናገር ነበር። ስለ ሀገር ግንባታ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ባለሥልጣናት ተናግረዋል። እስካሁን ተገንብታ አልቃ መሆን አለበት። ስለዚህ እኔ ስለ ስርቆት ልናገር። (ሳቅ)

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። የምነግራችሁ ስለ አንድ መድፍ መሰረቅ ነው። ሌቦቹ እንደናንተው የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው፤ የተሰረቁትም እንደናንተው የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። ሀገሩ አሜሪካ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና በምትባል ከተማ ካልቴክ የሚሉት የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ አንድ ሺህ ያህል ቢሆኑ ነው። እዚያ ግቢ ፍሌሚንግ ሃውስ ከሚባለው የተማሪዎች መኖሪያ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ መድፍ ቆሟል። ክብደቱ 1.7 ቶን ነው። ዕድሜው በተሰረቀበት ጊዜ 130 ዓመት ያህል ነበር። ልጆቹ ጥይት አይጎርሱበትም፤ ትምህርት ሲዘጋና ምረቃ ሲደርስ ለድምፁ ያህል ያጓሩታል እንጂ። የፍሌሚንግ ልጅ ሆኖ በዚያ መድፍ የማይኮራ የለም። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን የቡድን መለያና መመኪያ ማስኮት ይሉታል። ለአንዱ አንበሳ ነው፣ ለሌላው ፍየል፤ ለነዚህ መድፍ ሆነ።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2006 የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች መኪና ይዘው ወደ ግቢው ገቡ። ዕቃ አመላላሽ ነን አሉ። የድርጅታቸው ስም «ሃው ኤንድ ሰር» ነው። ቶሎ ቶሎ በሉትማ። ሃዊትዘር! ከመካከላችሁ ወታደር ቤት የነበረ ወላጅ ካለ የመድፍ ዓይነት መሆኑን ይነግራችኋል። እነሱ ግን ማን ልብ ብሎ! ጥበቃዎቹን በሐሰት የሥራ ትእዛዝ አለፏቸው። ወረቀት ሲያዩ ዝም ማለት የኛ ሀገር ዘበኛ አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር። መድፉን አስረው፣ ጎትተው፣ ይዘው ወጡ።

መድፉ ሲጠፋ ሲጠፋ ቆይቶ ኤፕሪል 6 ቀን በሌላው የአሜሪካ ጫፍ፣ ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ካምብሪጅ ከተማ ተገኘ። ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው ስመ ጥሩ የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ ውስጥ በረጅሙ ሕንጻ ፊት ለፊት ተገትሯል። አፈሙዙን ወዴት እንዳዞሩት ታውቃላችሁ? ወደ ፓሳዴና! ወደ ባለቤቶቹ! አፈሙዙ ላይ ደግሞ ቀለበት አጥልቀውለታል። የኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች ሲመረቁ የሚያደርጉት ቀለበት አለ፤ የዚያን ቅጂ 21 እጥፍ አሳድገው፣ በወርቅ ቀብተው፣ ልክ ለአፈሙዙ ውፍረት ሠርተው ነው ያጠለቁለት። መለካት ነበረበት። መድፉ ሳይሰረቅ በፊት ይሁን በኋላ እንዴት ለኩት ብዬ አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። የመሐንዲስ በሽታ ነው፤ ወደፊት ታዩታላችሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ኤም.አይ.ቲ. እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ አላደረገውም። ቂም ነበረው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2005፣ ኤም.አይ.ቲ. አዲስ የተቀበላቸውን ተማሪዎች ግቢ ሲያስጎበኝ ካልቴኮች እንግዳ መስለው ገብተው ነበር። ካናቴራ በነጻ ያድላሉ። ፊት ለፊቱ «ኤም.አይ.ቲ.» ይላል። ነጻ ነገር ማን ይጠላል፣ ልጁ ሁሉ እየተሻማ ወሰደ። ጀርባውን ሲያዩት ግን «ምክንያቱም ሁሉም ሰው ካልቴክ ሊገባ አይችልም» የሚል ተጽፎበታል። በዚህ አላበቃም። በዋናው ሕንጻ ግንባር ላይ የተቋሙ ስም የተቀረጸበትን ቦታ ሸፍነው «ያኛው የቴክኖሎጂ ተቋም» አደረጉት። የኤም.አይ.ቲ. ልጆችም ዝም አላሉም፤ ጽሑፉን ነካክተው «ብቸኛው የቴክኖሎጂ ተቋም» እንዲል አደረጉት። ሲመሽ ደግሞ ካልቴኮች በዚያው በረጅሙ ሕንጻ ላይ በሌዘር ብርሃን የራሳቸውን ስም ጻፉበት። መድፉ ለዚህ ሁሉ የተሰጠ መልስ ነበር።

የሚያስቀው የሁለቱም ተቋማት መለያ እንስሳ አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም ቢቨርን መርጠዋል። እኛ ሀገር የለም። ዛፍ በጥርሱ እየገዘገዘ ጥሎ ወንዝ ላይ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ነው። ግድብ የሚሠራ እንስሳ ያየ መሐንዲስ ሌላ ምን ይመርጣል? አንድ ዓይነት ምልክት፣ አንድ ዓይነት ሙያ፣ አንድ ዓይነት ጭንቅላት ይዘው ነው የሚናቆሩት። እኛስ ስንናቆር የሩቁን ሰው ነው እንዴ የምንናቆረው?

አሁን ወደ ገደለው ልምጣ። መድፉ ካምብሪጅ መቆሙ ሲሰማ የፍሌሚንግ ልጆች ምን አደረጉ? ከሃያ በላይ ሆነው ተነሡ፤ አህጉር አቋርጠው ኤፕሪል 10 ቀን ኤም.አይ.ቲ. ደረሱ። መድፋችንን ሊወስዱ መጡ ሲባል ሌቦቹ ምን አደረጉ? በር ዘጉ? ድንጋይ አነሱ? ዘበኛ ጠሩ? ሥጋ ጠብሰው ጠበቋቸው! ባለ ንብረቶቹ ከሌቦቹ ጋር በሉ፣ መድፋቸውን ጎትተው ጫኑ። ሲሄዱም ባዶውን ቦታ ዝም ብለው አልተዉትም፤ አንዲት የልጆች መጫወቻ መድፍ አስቀመጡበት። ከሷ ጋር የተተወው ማስታወሻ «የናንተን ልክ የሆነ ነገር ይኸውላችሁ» የሚል መልእክት ነበረው። በዚህ ጉዳይ እስር ቤት የገባ የለም። ጣት እንኳን የተሰበረበት የለም።

ይኼ መድፍ እንኳ ሲሰረቅ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1986 ከዚያው ከፓሳዴና ብዙም የማይርቅ ሃርቪ ማድ የሚባል ኮሌጅ ልጆች የጥገና ሠራተኛ መስለው ገብተው ወስደውት ነበር። ያን ጊዜም ተመልሷል። እንግዲህ ሁለት ጊዜ፣ ያውም በአንድ ዘዴ! የሥራ ልብስ ለብሶ ኮስተር ያለን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ዛሬ ማታ ከነገርኳችሁ ሁሉ ለሥራ ዓለም የሚጠቅማችሁ ምናልባት ይቺው ትሆናለች። (ሳቅ)

ካልቴኮችም ጻድቃን አይደሉም። በ1961 አዲስ ዓመት፣ ጃንዋሪ 2 ቀን፣ በከተማቸው በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ዋሽንግተንና ሚኔሶታ ሲጫወቱ ያደረጉትን ልንገራችሁ። የዋሽንግተን ደጋፊዎች ካርቶን እያነሱ ሥዕል የሚሠሩበት ትርኢት ነበራቸው። እኛም በአብዮት በዓል ስታዲየም ውስጥ ካርቶን እያነሳን የመሪ ፊት ስንሠራ ኖረናል፤ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ካልቴኮች በጨዋታው የሉበትም፣ ማንም አላስታወሳቸውም። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋዜጣ ሪፖርተር መስሎ ሄዶ የደጋፊዎቹን አለቃ ጠየቀው። ሰውየውም ደስ ብሎት አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳው። ከዚያ ደጋፊዎቹ ዲዝኒላንድ ሲዝናኑ ክፍላቸው ገብተው መመሪያውን ወሰዱ፤ 2,232 የመመሪያ ወረቀት እንደገና አዘጋጅተው ተኩት። ሁሉንም የሠሩት አሥራ አራት ልጆች ናቸው። በጨዋታው ዕለት፣ በመላው አሜሪካ ቴሌቪዥን እየታየ፣ የዋሽንግተን ውሻ ይሆናል የተባለው ሥዕል ጥርሱን ያገጠጠ ቢቨር ሆኖ ብቅ አለ። ቀጠለና የቡድኑ ስም ተገልብጦ ወጣ። በመጨረሻ ሺዎቹ ደጋፊዎች በገዛ እጃቸው «ካልቴክ» ብለው ጻፉ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ካርቶን ያነሳው ከላይ የመጣ መመሪያ ስለ ነበር ነው። ምን እያነሳ እንደሆነ አንዱም አያየውም። የሚታየው ለተቃራኒው ወገን ብቻ ነው። ይህንን አላብራራውም፤ ጋዜጠኞች እዚህ እንዳሉ አይቻለሁ። (ሳቅና ጭብጨባ)

በ1984 ደግሞ በዚያው ስታዲየም ሌላ ጉድ ሠሩ። ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ከኢሊኖይ ሲጫወት የውጤት ሰሌዳውን ከሩቅ የሚያዝ መሣሪያ ሠርተው አስገቡበት። ሰሌዳው በድንገት ካልቴክ 38፣ ኤም.አይ.ቲ. 9 አለ። በሜዳው ላይ ካልቴክም የለም፣ ኤም.አይ.ቲ.ም የለም። የፓሳዴና ከተማ ተናዳ ሁለቱን ተማሪዎች ከሰሰቻቸው። ትምህርት ቤታቸውስ? ለዚሁ ሥራ ማርክ ሰጣቸው! በኤሌክትሪክ ትምህርት እንደ ፕሮጀክት ተያዘላቸው። አንዱ መሥሪያ ቤት መጥሪያ ሲልክ ሌላው ውጤት ይልካል። ፍርዱ የማን ትክክል ነበር? እኔ ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል እላለሁ። ከተማዋ የሕዝብ ንብረት ተነክቶባታል፤ ክሷም ቀላል ክስ ነበር። መምህሩም ተማሪው የሠራውን ወረዳ አይቶ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ መፍረድ ነው ሥራው። ወረዳው ሠርቷል። አንዱ የሌላውን ሥራ ልንጠቅ ቢል ኖሮ ነበር ነገሩ የሚበላሸው።

ልጆቼ፣ ይኼ ሁሉ ፉገራ የሚካሄደው ባልተጻፈ ሕግ ነው። እንደውም ኤም.አይ.ቲ.ዎች ግማሹን ጽፈውታል። ሰው የሚጎዳ ነገር አታድርግ። ንብረት አትስበር። የነካኸውን እንደነበረ ተወው። ያስቀመጥከው ነገር እንዴት እንደሚነሳ ለሚያነሱት ሠራተኞች ጽፈህ ተው። ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ትገርመኛለች። በሜይ 1994 የግቢውን ፖሊስ መኪና ትልቁ ጉልላት ጫፍ ላይ አወጡት። በርግጥ ሙሉ መኪና አይደለም፤ የሸቭሮሌ ካቫሊየር ቆርቆሮ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተገጥሞ የፖሊስ መኪና ቀለም የተቀባ ነው። ውስጡ የፖሊስ አሻንጉሊት ተቀምጧል፤ ዶናት ከአጠገቡ አለ፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ ያለ ቦታው በመቆሙ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎበታል። ፖሊስን ማላገጥ ማለት ይኼ ነው! ፖሊስ ግን አንድም ቀን «የመንግሥትን ክብር ነክታችኋል» አላለም።

ሕጉ ሲጣስ ምን እንደሚሆን ደግሞ የወታደሮቹን ታሪክ ስሙ። ዌስት ፖይንት የሚባለው የአሜሪካ የምድር ጦር አካዳሚ በ1802 ሲቋቋም በዚያች ሀገር የመጀመሪያው የምህንድስና ትምህርት ቤት ነበር። መለያው በቅሎ ነው። ተቀናቃኙ የባሕር ኃይሉ አካዳሚ ደግሞ ፍየል አለው። በየዓመቱ ኳስ ሲደርስ ፍየል መስረቅ፣ በቅሎ መስረቅ የቆየ ልማድ ነበር። በ1991 የባሕር ኃይል ተማሪዎች በቅሎዎቹን ሲወስዱ ግን ጨዋታው መልኩን ቀየረ። የስልክ መስመር ቆረጡ፤ እዚያ የነበሩትን የጦሩን ሠራተኞች እጅ አሰሩ። ልብ በሉ፣ የታሰሩት ሰዎች የጨዋታው አባል አይደሉም። ደመወዝተኞች ናቸው። በቅሎ የሚያበላ ሰው እጁ ሲታሰር ፉገራ መሆኑን በምን ያውቃል? በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1992፣ የሁለቱ አካዳሚዎች ሹማምንት እንስሳ መጥለፍ ክልክል ነው የሚል ስምምነት ተፈራረሙ። በቃል ይኖር የነበረ ነገር ሲፈርስ ወረቀት ይመጣል። ወረቀቱም ቢሆን አልጠበቀውም። በ2021 የዌስት ፖይንት ልጆች እንደገና ፍየል ፍለጋ ወጡ፤ ጨለማ ውስጥ ይዘው የመጡት ግን ጡረታ የወጣ፣ መገጣጠሚያውን የሚያመው፣ ባለ አንድ ቀንድ ሽማግሌ ፍየል ሆነ። አዛዦቹ አፍረው መግለጫ አወጡ። ምስኪን ፍየል!

ኤም.አይ.ቲ.ም ቢሆን ሁልጊዜ ገነት አልነበረም። በዚያው መድፉ በመጣበት በ2006 መኸር ሦስት ተማሪዎች ሌሊት የመምህራን ክበብ ውስጥ ተገኙና ከባድ ክስ ተመሠረተባቸው። ያ ግቢ ለሁለት ተከፈለ። በዘመናት ልማድ የታለፈ ነገር እንዴት ዛሬ ወንጀል ይሆናል የሚል ክርክር ተነሣ። በኋላ ክሱ ተነሥቷል። እዚያም ቢሆን እንዲህ ዓይነቱ ነፃነት ሲነኩት የሚሰበር ነው ማለቴ ነው። ደግሞም ዘበኛ ያልሰማው ነገር ሁሉ ጨዋታ ነው ማለት አይቻልም፤ ጨለማ ውስጥ የሚገባ ሰው ወድቆ ሊሞት ይችላል። የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ መሆን ቀላል ነው አላልኩም።

አሁን የራሴን ልናዘዝ።

እኔ ስማር ሲቪሎችና መካኒካሎች እንናናቅ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው አይደል? (አዎ! አዎ! የሚል ድምፅ) መካኒካሎቹ በወርክሾፓቸው በር ላይ ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ኮሮና አቁመው ነበር። ኮሮና ስል በሽታውን አይደለም፤ የዲፈረንሲያሉን ትልቁን ጥርስ ነው። በቀይ ቀለም ቀብተውታል። ፍሬሽማን ሲመጣ እሱን ሳይነካ ወርክሾፕ አይገባም። ፈተና ሲደርስ በመዶሻ ይመቱታል፤ እንደ ደወል ይጮሃል፤ እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እናብዳለን።

አንድ ቀን አራት ሆነን ወሰንን። ሌሊት ተሸክመነው የኛ የአፈር መመርመሪያ ክፍል አስገባነው። አሸዋ ውስጥ ቀበርነው። በቦታውም የቱንቢ ገመድ ሰቅለን «ቀጥ በሉ» የሚል ወረቀት ተውንላቸው። ሐሳባችን እሑድ ዕለት ልንመልስላቸው ነበር። ሻይ ሊገዙልን፣ እኛም ኮሮናውን ልናስረክባቸው፣ ከዚያ እነሱ ደግሞ በተራቸው የኛን ቴዎዶላይት መቆሚያ ሊሰርቁ።

እሑድ ሳይደርስ ዓርብ ጠዋት ተጠራን። መካኒካሎቹ አይደሉም የከሰሱን፤ እነሱማ የት እንዳለ ገብቷቸው አካፋ እያዘጋጁ ነበር። የጠራን ቢሮው ነው። ዘበኛው ሪፖርት አድርጓል። ተሰልፈን ቆምን። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን መሰላችሁ? «ዕቃው የት ነው?» አይደለም። «ከጀርባችሁ ያለው ማነው?» የሚል ነው!

ከጀርባችን ያለው ግድግዳ ነው። ጓደኛችን ይህንኑ ተናገረ፣ ጥፊ ቀመሰ። ከዚያ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ለምን ቀይ ቀለም? «ቀጥ በሉ» የተባለው ማን ነው? መልእክቱ ለማን ነው የተላለፈው? ለምን በዚህ ሳምንት? ከመካከላችሁ የየት ሀገር ልጅ ስንት ነው? በአራት ልጆች መካከል የዘር ቆጠራ ተደረገ። መካኒካሎቹ ተሰብስበው መጥተው «እባካችሁ ጨዋታ ነው፣ እኛም ቅሬታ የለንም» አሉ። ተበዳዩ አልተበደልኩም ሲል ነገሩ ያልቃል ብለን ነበር። ይባስ ብሎ እነሱም ተመዘገቡ። ተከሳሽና ከሳሽ አንድ ቃል ከተናገሩ ሴራ ነዋ! ሁለት ሳምንት ስንመላለስ ከረምን። አንዱ ጓደኛችን አንድ ዓመት ተባረረ። እሱ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልተማረም። ጥሩ መሐንዲስ ይወጣው ነበር፤ ከአራታችን አሸዋውን እንዴት ጠቅጥቀን እንደነበረ እንደምንመልሰው ያሰበው እሱ ነው።

የየትኛው መንግሥት ዘመን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሦስቱንም አይቻለሁ፣ በሦስቱም ሊሆን የሚችል ነው። ቤቱንም አልጠራም።

ልጆቼ፣ እኛ ሀገር ተማሪው ሲቀልድ መንግሥት ይደነግጣል፤ ተማሪው የምሩን ሲናገር ደግሞ ጥይት ይመጣል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ይኼው ነበር። በተከተለው ሁከት ከሠላሳ ያላነሰ ሰው ሞተ። ይህን የምታውቁት ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ነው።

ሌላውን ግን እናንተው ታስታውሱታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ያኔ ታላቅ ወንድም ወይ እኅት ግቢ ነበራችሁ። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኳስ ከማየት ጋር ተያይዞ ተነሣ በተባለ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ኳስ! ያውም የባዕድ ሀገር ኳስ! ጠቡ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተና ሺዎች ልጆች ሻንጣቸውን ተሸክመው ትምህርታቸውን ጥለው ወደ እናቶቻቸው ተመለሱ። የተገደሉትን ልጆች አንድ መኖሪያ፣ አንድ ካፌ፣ አንድ ቧንቧ የሚጋሩ ሰዎች ነበሩ ያጠቋቸው። በዚያ ሰሞን ስለ መድፉ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። እነዚያ ልጆች 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሰረቋቸው ሰዎች ግቢ ሲገቡ አንዳቸውም ዱላ አልያዙም። እንዴት ሳይፈሩ ገቡ? እንመታለን ብሎ የጠረጠረ አንድ እንኳ አልነበረም እንዴ? ሌቦቹስ ባለቤቶቹ ተናደው ይመጣሉ ብለው አልሰጉም? ሥጋ ነው የገዙት!

አንዳንድ ሰው «የጠገበ ሀገር ልጆች ጨዋታ ነው፣ እኛ የት ደርሰን» ይለኛል። አይደለም። እኛስ ድሮ ገና ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ አንድ ላይ እየተራገጡ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል አልኖርንም? ጌታ የማይቆጣበት አንድ ቀን እንኳ በዓመት ነበረን። ያቺን ቀን ማን ሰረቃት? ሲቪሎች አይደለንም! (ሳቅ)

ዲኑ ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ ላብቃ። ግን አንድ ዕዳ ቀርቶብኛል። ያ ኮሮና ለመካኒካሎቹ አልተመለሰም። ከአሸዋው ተቆፍሮ ወጣና ኤግዚቢት ተብሎ ተወሰደ። ጉዳዩ ሲዘጋ ይመለሳል ተባለ። ጉዳዩ ተዘጋ፣ አልተመለሰም። ስጠይቅ ፋይሉ ተዛውሯል አሉኝ፤ ሌላ ጊዜ ስጠይቅ «አንተ ምኑ ነህ?» አሉኝ። ሌባው ነኝ ማለት ነበረብኝ።

እና ልጆቼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ተቀጥራችሁ በየክፍለ ሀገሩ ስትበተኑ ፖሊስ ጣቢያም ይሁን የመንግሥት መጋዘን ልታድሱ መግባታችሁ አይቀርም። እዚያ ጓሮ ከተከመረው ቁርጥራጭ ብረት መካከል በቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ኮሮና ካገኛችሁ፣ አንዱ ጥርሱ ሸረፍ ያለ ነው፣ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮሃል፣ እባካችሁ ደውሉልኝ። ማስወጫውን ወረቀት እኔ አዘጋጃለሁ። የሥራ ልብስ ለብሳችሁ ኮስተር በሉ።